ትንሹ ባትሪ

ሞተር ሳያስነሳ ቁልፍ ከፍቶ መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ሙያውን ያስተማረኝ ሰውዬ ገና በመጀመሪያው ሳምንት በቁጣ ያስያዘኝ ነገር ነው። ቆሞ የሚበራ መኪና ባትሪውን እየበላ ያለ መኪና ነው፣ አጥፋው፣ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ያህል ለሰው ሁሉ ይህንኑ ስል ኖርኩ። የደንበኞቼን ሬዲዮ ሳልጠይቃቸው እዘጋለሁ። ቁልፋቸውን ነቅዬ ኪሴ የከተትኩበት ቀንም አለ። ከእንጦጦ ቁልቁለት ሞተር አጥፍተው፣ ማርሹን ፎሌ አድርገው የሚንሸራተቱትን ሾፌሮች ሰው ሁሉ ሲራገማቸው፣ እኔ አደጋውን እያወቅሁም ልቤ ከእነሱ ጋር ነበር። የማይሠራ ነገር ይጥፋ ባይ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እህቴን የገደላት ይኸው አመሌ ስለሆነ ነው።

ሱቄ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነበር፣ ዳገቱ ከመጀመሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ መብራት፣ ክላክስ፣ የተቃጠለ ሽቦ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። እህቴ የምትኖረው ከሱቄ ወደ ላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ ከሚጀምርበት በኋላ ባለ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ነው። ቅያሱ አንድ መኪና ብቻ ያስገባል። ሁለተኛ ከመጣ አንዱ ወደ ኋላ እስኪወጣ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ምክር ይሰጣል።

እትዬ ነው የምላት። በአሥራ ሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ስትሞት አሳዳጊዬ እሷ ሆነች። ትዳር ሁለት ጊዜ መጥቶላት ሁለቱንም ጊዜ በእኔ ሰበብ መልሳዋለች። እሷ ግን ሰውዬዎቹ አፍንጫቸው አላማረኝም ነው የምትለው። ሃያ ስድስት ዓመት የአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ በባሕር ዛፍ እንጨት ስታበስል ኖራ ሳንባዋ አለቀ። ሲጋራ ነክታ የማታውቅ ሴት ናት። ሐኪሙ ታጨስ ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ልመታው ምንም አልቀረኝም።

እሷ ጌታን ከተቀበለች ቆይታለች፤ እኔ በዓመት አንዴ እንጦጦ ማርያም ደርሼ የምመለስ ነኝ። በዚህ ተጣልተን አናውቅም። ሕመሙ ሲጠናባት የጸሎት ቤቷ ሰዎች ኦክስጅን የሚሰጥ ማሽን ከውጭ አስመጡላት። የአልጋ ዳር ኮመዲኖ የሚያህል፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም ሣጥን ነው። ቀጭን ቱቦው አፍንጫዋ ላይ ይደረጋል። ማሽኑ ሲሠራ እትዬ ትቀልዳለች፣ ታማለች፣ ሽሮዬን ጨው አበዛህበት ትለኛለች። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ሲጥ እያለ ይጮኻል፣ እሷም ወሬዋን በግማሽ ታቆማለች። ሐኪሙ ለጥቂት ደቂቃ ካልሆነ ያለ ማሽኑ እንዳትቆይ ብሎናል።

ጊዜው ኢሕአዴግ ሊያበቃለት ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀረው ነው። መብራት እንዴት ይጠፋ እንደነበር በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ያውቀዋል። ሰዓቱን የሚናገር የለም፣ መቼ እንደሚመጣም የሚናገር የለም። እኔ ከሱቄ አሮጌ ባትሪ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ የመኪና ባትሪን ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር የሚባል ዕቃ ይዤ ዳገቱን እወጣ ነበር። አሮጌ ባትሪ ግማሽ ሰዓት ቢሠራ ነው። አንዳንዴ ስደርስ መብራቱ መጥቶ እትዬ ትስቅብኛለች። አንዳንዴ ደግሞ ከንፈሯ መልኩን ቀይሮ አገኛታለሁ።

መኪናው የመጣው በዚህ መሀል ነው። የእትዬ ጸሎት ቤት ሽማግሌ የሆኑ፣ ከቅያሱ ማዶ የሚኖሩ ነጋዴ ውጭ አገር የተነዳ የኤሌክትሪክ መኪና አስገቡ። በከተማው ስንት እንደነበረ አላውቅም፤ እኔ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ቤንዚን የለው፣ ጭስ የለው፣ ሲሄድ ድምፅ የለው። የሚያየው መካኒክ ስላላገኙ ወደ እኔ መጡ። ኮፈኑን ከፍቼ አየሁት። ሞተር በሚኖርበት ቦታ የተዘጉ ሣጥኖች፣ ወፍራም ብርቱካናማ ሽቦዎች፣ የራስ ቅል ሥዕል ያለበት ማስጠንቀቂያ። ጥግ ላይ ግን የማውቀው ነገር ተቀምጧል፤ እንደማንኛውም መኪና አሥራ ሁለት ቮልት ትንሽ ባትሪ። አገሬን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናውን የሚነዳው ከወለሉ ሥር ያለው ትልቁ ባትሪ ነው። መብራቱን፣ ክላክሱን፣ የበሩን ቁልፍ፣ ሬዲዮውን የሚያሠራው ግን ትንሹ ነው። ትልቁ ባትሪ የሚከፈተውም በትንሹ ትእዛዝ ነው። ትንሹ ዘበኛ ነው በሉት፤ እሱ ከወደቀ ቤቱ ጥጋብ ቢሆንም በሩን የሚከፍት የለም። ይህን ዛሬ አሳምሬ እናገረዋለሁ። ያኔ ግን ግማሹን ብቻ ነበር የማውቀው፣ ሙሉውን እንደማውቅ አድርጌ ነበር የማወራው።

ጋሼ፣ የመኪናው ባለቤት፣ የእትዬን ነገር ሲሰሙ ሐሳቡን ራሳቸው አመጡት። መኪናው እሷ በር ላይ ይቁም፣ መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተሩን ከትንሹ ባትሪ ላይ አያይዘን ማራዘሚያውን በመስኮት እናስገባላት አሉ። የመጀመሪያው ቀን አብረውኝ ነበሩ። መብራት ከጠዋት ጠፍቶ ማታ ነው የመጣው፣ ማሽኑ ግን አንዴም አልቆመም። እትዬ አልጋዋ ላይ ሆና ጋሼን መረቀች፣ መኪናውንም መረቀች። እኔን ረሳችኝ ብዬ አኮረፍኩ፣ አንተን የመረቅሁት ዱሮ ነው አለችኝ።

ከወራት በኋላ ጋሼ ለሕክምና ወደ ውጭ ሊሄዱ ሲሉ ቁልፉን ሰጡኝ። በራፉ ላይ ቆመው እንዲህ አሉኝ፦

«ስታያይዝ መኪናውን አታጥፋው። ፍሬኑን ረግጠህ የማስነሻውን ቁልፍ ተጫን፤ አረንጓዴው መብራት ሲበራ እንደበራ ተወው። ትልቁ ትንሹን የሚመግበው ያኔ ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ፣ ለእኔ ይነግሩኛል?» አልኳቸው።

አላወቅሁም። የሰማው ጆሮዬ ነው እንጂ እጄ አልሰማም። ይህ መኪና ሲበራም ሲጠፋም ድምፁ አንድ ነው። አረንጓዴ መብራት በርቶ ዝም ብሎ የቆመ መኪና ለእኔ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ያልተነሳ መኪና ነው፤ ሠላሳ ዓመት ስሳደብበት የኖርኩት ነገር። ጋሼ ከሄዱ በኋላ መጀመሪያ መብራት ሲጠፋ አያያዝኩና ደጋግሜ አየሁት። መሪው ፊት ያለው ቁጥር የሚያሳየው መስታወት ቦግ ብሏል፣ መብራቱ በርቷል፣ ሞተር የለም። ይህ ሁሉ የሚበላው ከእትዬ አየር ነው ብዬ አጠፋሁት። ሃያ ደቂቃም ሳይሞላ የከተማው መብራት መጣ። በሌላ ቀን ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሆነ። ማሽኑ አልቆመም፤ በየመሀሉ መኪናውን ቻርጅ ስሰካው ትንሹም አብሮ እየሞላ ኖሯል። እኔ ግን የጋሼን ምክር አሻሽዬ ቻርጅ ቆጠብኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። በሰፈሩ ዞሬ ይህን መኪና ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው፣ ሰው ይገድላል አልኩ። ሰው ሲፈራው ደስ ይለኝ ነበር።

የዚያን ቅዳሜ መብራት የጠፋው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ቁርሷን አብልቻት ነበር። ወጥቼ ኢንቨርተሩን አያያዝኩ፣ ማሽኑ መሥራቱን አረጋገጥኩ፣ መኪናውን አጠፋሁ። ሱቅ አንድ ደንበኛ ዲናሞውን ፈትቼበት እየጠበቀኝ ነበር። እትዬ እንድቆይ አልጠየቀችኝም፤ ሂድ፣ ሰው አታስቆጣ አለችኝ። ቅያሱ አፍ ላይ ሱቅ ላላት ጎረቤታችን አደራ አልኳት። ከስልጤ የመጣች ሙስሊም ሴት ናት፣ ከእትዬ ጋር እንደ እህት ናቸው። የጸሎት ቤቷ ሰዎች ረጅም ጸሎት ሲይዙ ገብታ በትሕትና የሚያቋርጣቸው እሷ ብቻ ናት፣ መድኃኒቷ ደረሰ ብላ።

ከወጣሁ አንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ ስልኬ ጠራ። ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ናት። ማሽኑ እየጮኸ ነው፣ መኪናው ዝም ብሏል አለችኝ። የያዝኩትን ጥዬ ወጣሁ። ታክሲ ስጠብቅ አልመጣም፣ ዳገቱን በእግሬ ሮጥኩት። ሐምሳ ዓመት የሞላው ሰው ያንን ዳገት ሲሮጥ አየር ማጣት ምን እንደሆነ ትንሽ ይገባዋል።

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ጉልበቷን ይዛ ነበር። ትከሻዋ በየትንፋሹ ይነሳል። አየችኝ፣ አልተናገረችም። ወጥቼ የመኪናውን ቁልፍ ብጫን በሩ አልከፈት አለ። በተጠባባቂው የብረት ቁልፍ ከፈትኩት፣ ፍሬን ረግጬ ተጫንኩ። ምንም። መስታወቱ ጨለማ ነው። ያኔ የመጣልኝ አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፤ ትልቁን ባትሪ ጨርሼዋለሁ። አሥራ ሁለት ቮልት እንጀራዬ ነው፣ መለኪያዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ትንሹን ባትሪ ለመለካት አልሞከርኩም።

ሆስፒታል እንውሰዳት ተባለ። በምን? የጎረቤቴ ባል ፒክአፕ ቅያሱ አፍ ላይ ቆሟል፣ ግን ይህ መኪና መንገዱን ዘግቶታል። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ በግፊ እናስነሳው አለ። እንደማይነሳ አውቃለሁ፤ ዝም ብዬ ቆሜ ከሚያዩኝ ብዬ እኔም ትከሻዬን ሰጠሁ። ስምንት ሆነን ገፋን። ጎማው ተቆልፏል፣ አልነቃነቅም አለ። ይህን ጊዜ ጎረቤቴ እጄን ያዘችኝ።

«የባሌን መኪና ባትሪ እናምጣና በካቦ ሽቦ ንካው። ሌላው መኪና የሚነሳው እንዲያ አይደል?»

«አርፈሽ ተቀመጪ!» አልኳት። «ይሄ እንደሌላው መኪና አይደለም። ሁላችንንም ነው የሚጨርሰን።»

በሰው ፊት ነው የጮኽኩባት። እጇን ከእጄ ላይ አነሳች። ፈርቼ ነበር፤ ከብርቱካናማው ሽቦ ይልቅ ግን የፈራሁት፣ ለወራት ማንም አይነካውም ያልኩትን መኪና ባለሱቅ ስታስነሳው መታየቱን ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እትዬን በወንበር አድርገን ተሸክመን አወጣናት። መኪናውና አጥሩ መሀል ያለው ክፍተት ወንበር አያሳልፍም። አውርደን፣ ሁለት ሰው ብብቷን ይዞ፣ በጎን እየተጎተትን አሳለፍናት። ነጠላዋ የመኪናው የጎን መስታወት ላይ ተጠልፎ ቀረ። ፒክአፑ ውስጥ ራሷን ደረቴ ላይ አድርጌ ወደ መገናኛ ወረድን። መብራት በመጥፋቱ የትራፊክ መብራቱም አይሠራም፣ መንገዱ ተቆላልፏል። ሾፌሩ ክላክሱን አንዴም አልለቀቀውም። አንድ ጊዜ እጄን ጨበጥ አደረገችው። ከባቡሩ ድልድይ ሥር ቆመን ሳለ እጇ ከበደኝ። ሆስፒታሉ በር ስንደርስ አንዲት ነርስ መጥታ አየቻትና አልጋ ሳታስመጣ እኔን አየችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ከቀብሩ በፊት፣ የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ መጡ። ቦታውን መኪናው ይዞታል። ለለቅሶ የሚመጣው ሰው በየት ይግባ እያሉ ሲጨቃጨቁ ጎረቤቴ ባሏን ልካ የፒክአፑን ባትሪ አስፈታች። እሷው ካቦውን ይዛ መጥታ እግሬ አጠገብ አስቀመጠችው። ቢያቃጥለኝም ያቃጥለኝ ብዬ ከትንሹ ባትሪ ጋር አገናኘሁት። ገብቼ ፍሬን ረግጬ ተጫንኩ።

በራ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አረንጓዴው መብራት መጣ፣ መስታወቱ ቦግ አለ፣ የትልቁ ባትሪ ሥዕል ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ታየኝ፤ ሰማንያ ስድስት ይላል። እትዬን ሌሊቱንም ጭምር ሊያሳድር የሚችል ነገር በሯ ላይ ተቀምጦ ነበር። እጄ መሪው ላይ ቀረ። ጎረቤቴ በመስኮቱ አጎንብሳ ታያለች።

«ሰማንያ ስድስት ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የመኪናው ሙቀት ነው» አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ፣ ከዚያ ካቦዋን ጠቅልላ ሄደች። እኔ መኪናውን ከቅያሱ አውጥቼ ጋሼ ግቢ አቆምኩት። መብራት እንደመጣ ቻርጅ ላይ ሰካሁት፤ እስከ ጫፍ እንዲሞላ፣ ማንም በኋላ አይቶ ምን ያህል እንደነበረ እንዳይናገር። ቀብሩ ሳይፈጸም ነው ይህን ያሰብኩት። እህቴ ቤት ውስጥ ተገንዛ፣ መዘምራኑ እየዘመሩ፣ እኔ ሶኬት እየፈለግሁ ነበር።

ለጋሼ በስልክ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ። ቻርጁ አለቀ አልኳቸው። ሙሉ አድርጌ አልነበር የተውኩት አሉ። መብራቱ እየተቆራረጠ አልሞላ ብሎ ነበር አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። በዚያኛው በኩል ሲያለቅሱ ሰማሁ። ማጥፋት አለማጥፋቴን አልጠየቁኝም። አውቃለሁ ብያቸዋለሁና አምነውኛል።

ተመልሰው የመጡት ከአርባ ቀን በኋላ ነው። እኔ የእትዬን ዕቃ እየለየሁ ነበር፣ ጎረቤቴም ማሽኑን ለጸሎት ቤቱ የሚመልሱት ሰዎች እስኪመጡ አብራኝ ተቀምጣለች። ጋሼ በምርኩዝ ገቡ። ከሕክምናው በኋላ ከስተዋል፣ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ባዶውን አልጋ አይተው ቆሙ። መኪናው በደንብ ቻርጅ እንዲያደርግ ለግቢዬ የኤሌክትሪክ መሥመር ማጠናከሪያ አመልክቼ መከታተል ነበረብኝ፣ ሳላስጨርስ ለራሴ ሕክምና ሮጥኩ አሉኝ። ውጭ ሆስፒታል ተኝተው ሌሊት ሌሊት ይህንኑ ሲያስቡ እንደኖሩ፣ ለጸሎት ቤቱም ተናግረው ከሽምግልናው ልውረድ ማለታቸውን ነገሩኝ። ጎረቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ጊዜ ሰጠችኝ። አፌን ከፍቼ ነበር፣ እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ጋሼ ግን ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«በእኔ መኪና ተማምናችሁ እህትህን አሳጣሁህ» አሉኝ። «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

«ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ጎረቤቴ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። እሳቸው ጉልበቴን ሊስሙ አጎነበሱ፣ እኔም እንደ ወጉ ትከሻቸውን ይዤ አነሳኋቸው።